ያልተፈለጠ ግንድ በመኪና ስትገዙ ዋጋውን በምን ትለኩታላችሁ?

ምጣዷ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራ እየጋገርኩ ለሆቴልና ለሱቅ አስረክባለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ፤ ግን መብራት ሲጠፋ ደንበኛ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሥራው ብዙውን በእንጨት ነው የምወጣው። እስከዛሬ ፍልጥ በእስር ነበር የምገዛው። አሁን ሰፋ ያለ ግቢ ስለተከራየሁ ያልተፈለጠ ግንድ በመኪና ላስመጣ አስቤያለሁ።

ሁለት ዋጋ ተሰጠኝ። አንዱ ደላላ ከሱሉልታ "አንድ አይሱዙ" አለኝ። ሌላው ከመናገሻ በኩል "አንድ ሲኖ" ይላል፣ ትልቁን የቻይና ጭነት መኪና ማለቱ ነው፤ ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ አልፎ ይሄዳል። "ስንት ሜትር ኪዩብ ነው?" ስል ሁለቱም ሳቁብኝ። "እትዬ፣ ሙሉ መኪና ነው፣ ምኑ ይለካል?" አለኝ አንደኛው። ጎረቤቴ አምና "ሙሉ መኪና" ተብሎ የመጣላት ጭነት ሲራገፍ ከላይ ግንድ፣ ከውስጥ ጭራሮ ነበር። የቱ እንደሚያዋጣ በምን ልወቅ? ደግሞስ ግንድ ገዝቶ ማስፈለጥ ነው የሚሻለው ወይስ እንደ ድሮዬ ፍልጡን ልግዛ?

ሰበታ ዳቦ

"አንድ አይሱዙ" የሚባል መለኪያ የለም እህቴ። ትንሹ ኤን ፒ አር ነው ወይስ ትልቁ ኤፍ ኤስ አር? ስፖንዳው፣ ማለትም የመጫኛው ዙሪያ ግድግዳ፣ ምን ያህል ነው? እንጨቱ ከስፖንዳው በላይ ምን ያህል ወጥቷል? የእኔ ዳቦ ቤት ምድጃው የእንጨት ስለሆነ ጭነት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ሁለት ኤን ፒ አር ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ እንጨት የሌላውን አንድ ተኩል ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ዋጋው ግን አንድ ነበር። ሜትር ይዘሽ ውጪ። ደላላው ከሳቀ ይሳቅ።

የአያት ልጅ

ቆይ ዋጋው ስንት ነው? ለምን በብር አትነግሩንም?

ሰበታ ዳቦ

የአያት ልጅ፣ ዛሬ የምነግርህ ዋጋ ናፍጣ ሲጨምር ይቀየራል። ያገኘኸውን ዋጋ ለሜትር ኪዩብ ማካፈሉን ብቻ ያዝ፣ ሌላው ይደርሳል።

ሒሳብ ወዳጅ

ምጣዷ፣ የምትገዢው እንጨት ነው እንጂ መኪና አይደለም። ስለዚህ እንጨቱን ለኪ።

መኪናው በርሽ ላይ ቆሞ፣ ገና ምንም ሳይወርድ፣ የክምሩን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ውሰጂ። ከፍታውን አንድ ቦታ ብቻ እንዳትለኪ። ጭነት መሃሉ ላይ ጉብ ይላል፤ ደላላው የሚያሳይሽም እሱን ነው። ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ለክተሽ አማካዩን ያዢ። ርዝመቱ 4.20፣ ወርዱ 2፣ አማካይ ከፍታው 1.20 ከሆነ ሲባዛ 10 ሜትር ኪዩብ ነው።

ይሄ ግን ከነአየሩ ነው። ክብ ነገር ሲደረደር ክፍተት አይጠፋም። ወፈር ያለ ቀጥ ያለ ግንድ በደንብ ከተደረደረ ከ10ሩ 6 ወይም 7ቱ እንጨት ነው። ቀጭንና ጎባጣ ከሆነ ወደ 5 ይወርዳል። በ6 እናስበው።

አሁን ወደ ብሩ። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ከራሴ ነው የማወጣው፤ የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ እንዳትይዙኝ። ግንዱ ከነትራንስፖርቱ 36,000 ብር ነው እንበል። ማውረጃ 2,000፣ ለደላላ 1,000፣ ለመቁረጫና ለመፍለጫ 7,000 ሲጨመር 46,000 መጣ። ብዙ ሰው ይሄን ለ10 አካፍሎ "ሜትር ኪዩቡ በ4,600 ወጣልኝ፣ ፍልጥ በ5,000 ከምገዛ ተረፍኩ" ይላል። አልተረፈም። ያ ግንድ ተቆርጦና ተፈልጦ ሲደረደር ክፍተቱ ይጠባል። 10 ሜትር ኪዩብ የነበረው ክምር ወደ 8 ተኩል ይወርዳል። እንጨቱ አልጠፋም፣ አየሩ ነው የወጣው። 46,000 ለ8.5 ሲካፈል 5,400 ገደማ ነው። በዚህ ምሳሌ ፍልጡ ረከሰ ማለት ነው!

ፍልጡ ግን ተደርድሮ የተለካ መሆን አለበት። ዝም ብሎ ተወርውሮ ከተጫነ ግማሹ አየር ነው፤ ያኔ ሒሳቡ ተገልብጦ ግንዱ ያሸንፋል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን አስቀምጪ፦ ተፈልጦ፣ ተደርድሮ፣ ግቢሽ ውስጥ ገብቶ የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ።

ምጣዷ (ቱሉ ዲምቱ)

እግዜር ይስጥልኝ። የማስፈለጫውን ዋጋ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር እኮ፣ ደላላውም አላነሳልኝ። አንድ ሦስተኛ ሰው ደግሞ "በኩንታል ልሽጥልሽ፣ የመኪና ሚዛን ላይ አቁመን እንመዝናለን" ብሎኛል። እሱ ከሁሉም የታመነ አይመስላችሁም?

ሒሳብ ወዳጅ

ሚዛኑ አይዋሽም፣ ግን ውሃም ይመዝናል። አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ግማሽ በግማሽ ውሃ ነው። 60 ኩንታል እርጥብ ግንድ ብትገዢ 30ው ውሃ ነው። ጥሩ አድርጎ ሲደርቅ፣ ማለትም የቀረው ውሃ አንድ አምስተኛ ሲሆን፣ እጅሽ ላይ የሚቀረው 37 ኩንታል ተኩል ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት የአንድ ኪሎ እርጥብ እጥፍ ገደማ ሙቀት ይሰጣል። እርጥቡን በኩንታል ከገዛሽ የውሃውን ዋጋም የመጫኛውንም አንቺ ከፈልሽ። የደረቀ ከሆነ በኩንታል ግዢ፣ እርጥብ ከሆነ በሜትር ኪዩብ። ሻጩ ግን ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው።

የገላኗ

እህቴ፣ እነዚህ ወንዶች ሒሳብ ሲሠሩልሽ አንድ ነገር ዘለሉ። እነሱ የሚያወሩት ስለ ዳቦ ምድጃ ነው። ዳቦ ቤት ወፍራም ጉማጅ ከቶ በፍሙ ይጋግራል። እንጀራ ነበልባል ነው የሚፈልገው። ምጣዱ ሥር እሳቱ ካልተዳረሰ አንዱ ጎን ያርራል፣ ሌላው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ለአንቺ ግንዱ ሁለት ቦታ መሰንጠቁ አይበቃም፣ በደቃቁ መፈለጥ አለበት። ፈላጭ ስትዋዋዪ "እስከምን ድረስ ነው የምትፈልጠው?" ብለሽ አንድ ፍልጥ አሳዪው። እንደዚህ ቀጭን ብለሽ። አለበለዚያ ግንዱን አራት ቦታ ብቻ ፈልጦ "ጨረስኩ" ይልሻል፣ ሌላውን ራስሽ በመጥረቢያ ስትታገዪ ትውያለሽ።

ሌላው፣ እርጥቡን አስፈልጪው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ መጥረቢያው ነጥሮ ይመለሳል። ፈላጮቹም ለደረቀ ግንድ የሚጠይቁት ሌላ ነው። እርጥቡን ፈልጦ ማድረቅ፣ ይኸው ነው።

ሹፌሩ

ሁሌ የምንሰደበው እኛ ነን፣ እስቲ እኔም ልናገር።

ሒሳብ ወዳጅ 6 ሜትር ኪዩብ እንጨት አለሽ ብሏል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሜትር ኪዩቡ አንድ ቶን አካባቢ ይመዝናል። 60 ኩንታል ማለት ነው። ለኤን ፒ አር ይሄ ከአቅም በላይ ነው። ሹፌሩ ከዚያም በላይ ከምሮ "ችግር የለም፣ ይችላል" ካለሽ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ እንጨቱ ደርቋል፣ ወይ መሃሉ ባዶ ነው፣ ወይ ደግሞ ከሱሉልታ ሲመጣ እንጦጦ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በጸሎት ነው የሚይዘው።

ባዶውን እንዴት ታውቂያለሽ? የኋላ ስፖንዳውን አስወርጂና የግንዶቹን ጫፍ እዪ። ክብ ክቡ ተጠጋግቶ ከታየ ጥሩ ነው። እጅሽ እስከ ክርንሽ የሚገባበት ቀዳዳ ከበዛ ተጠንቀቂ። አንዳንዱ ጫኝ ዳርና ዳሩን ቆንጆ አድርጎ ይደረድርና መሃሉን ቅርንጫፍ ያለው ጎባጣ ይጥልበታል። ከጎን ስታዪው ግድግዳ ነው፣ ውስጡ ጎጆ ነው። የግንዱን ርዝመትም ጠይቂ። 4.20 ሜትር ካሶኒ (የመኪናው መጫኛ) ላይ በ2.10 የተቆረጠ ግንድ ሁለት ረድፍ ልክክ ይላል። በ1.50 የተቆረጠ ከሆነ ግን ሁለት ረድፍ ገብቶ ከሜትር በላይ ቦታ ይተርፋል። እዚያ ምን እንደሚገባ ጎረቤትሽ ታውቀዋለች።

ሲኖው ገልባጭ ከሆነ ማውረጃ ያስቀርልሻል፤ ግንዱን ደፍቶ ይሄዳል። ሦስት ነገር ግን አስቢበት። በርሽ ድረስ ይገባል? ኮብልስቶኑን ሰብሮ ከሰፈር ሰው ጋር ያጣላሻል። ደግሞ ከተደፋ በኋላ መለካት ቀረ። ከመደፋቱ በፊት ለኪ። ሦስተኛ፣ ከመናገሻ ቱሉ ዲምቱ ማለት ከምዕራብ ጫፍ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው። ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ ሰዓት ተገድቦበታል። ሌሊት ይጓዛል፣ ጠዋት ጨለማ ሳይገፈፍ በርሽን ያንኳኳል፣ በጨለማ ደግሞ ሜትር አይነበብም። ለምን ከሰንዳፋ አትፈልጊም? በለገጣፎ በአያት አድርጎ መሃል ከተማ ሳይገባ ይደርስሻል።

ወረቀት! ሊረሳኝ ነበር። ሻጩ ከአካባቢው ጽሕፈት ቤት የመጫኛ ይለፍ ማውጣት አለበት። ኬላ ላይ ከተያዘ የሚቆመው መኪና ነው፣ የመቆሚያውን ደግሞ አንቺ ላይ ነው የሚጭኑት። "ያለ ይለፍ ቢያዝ ኃላፊነቱ የሻጭ ነው" የሚለውን ቀብድ ስትሰጪ አስጽፊ። ከባሕር ዛፉ ሥር ጥድ ወይም ወይራ ቀላቅሎ የሚጭን አለ። አገር በቀል ዛፍ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ላይ ቅጣቱ ቀላል አይደለም። እኔ አንዴ ካየሁ አልጭንም።

የአያት ልጅ

ወይራ ግን ለጭስ ጥሩ ነው 😅

ሹፌሩ

ለጭስ የሚሆንህ አንድ ቁራጭ ነው እንጂ አንድ ካሶኒ አይደለም ወንድሜ።

የሆለታው

እኔ ሻጭ ነኝ። ሆለታ አካባቢ ባሕር ዛፍ አለኝ። ብዙ ሰው እኛ ጋ መጥቶ ስለ ማገዶ ሲከራከር የማያውቀው ነገር አለ፤ የማገዶ ዋጋ የሚቆረጠው በማገዶ ገበያ ብቻ አይደለም። ዛፉ ሲወድቅ መጀመሪያ ለሕንፃ የሚሆነው ይለያል። ቀጥ ያለው ወፈር ያለው ቋሚ ይሆናል፣ ቀጠን ያለው አጣና፣ ከዚያ ወራጅና ማገር። ለማገዶ የሚቀረው ጎባጣው፣ ጫፉና የተሰበረው ነው። ግንባታ ሲሞቅ ቀጥ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል፣ ለማገዶ የሚቀረው ያንስና ይወደዳል። ግንባታ ሲቀዘቅዝ አጣናውም ማገዶ ይሆናል። ምጣዷ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ ግንድ በማገዶ ዋጋ የሚሰጥሽ ሰው ካለ የት እንደቆረጠው ጠይቂው።

ከገበሬው በቁም መግዛትም ይቻላል። ማሳው ታይቶ ይዋዋላሉ፣ ገዢው ያስቆርጣል፣ ያስጭናል። ደላላ ይቀራል። ግን ሁለት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። አንደኛው አቆራረጡ ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እኔ ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና የምቆርጠው ከዚያው ጉቶ ነው። የእናንተ ባለ ሞተር መጋዝ ቸኩሎ ጉቶውን ከሰነጠቀብኝ ዛፍ ብቻ አይደለም የሸጥኩት። ዝቅ አድርጎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ዘንበል አድርጎ ነው የሚቆረጠው። ሁለተኛው ቅጠሉና ጭራሮው ነው። የማን ነው? እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በቅጠል ነው። ገዢው ሳይናገር ጭኖት ሲሄድ ስንት ጊዜ ተጣልተናል መሰላችሁ! ሰው ግንድ ሊገዛ መጥቶ በቅጠል ይጣላል።

ዋጋው የሚቀንሰው መቼ ነው ካላችሁ፣ ገበሬው ብር ሲፈልግ ነው። ግንቦት ላይ ለማዳበሪያ፣ መስከረም ላይ ለልጅ ደብተር። ግን ግንቦት መጨረሻ ዝናብ ከጀመረ መኪና ማሳው አይገባም። እርጥቡ ግንድም አይደርቅም። እኔ ብሆን ጥር ላይ ነው የምገዛው።

ምጣዷ (ቱሉ ዲምቱ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ጥር ላይ ገዝቼ ለክረምት ይደርቅልኛል?

የሆለታው

ከተፈለጠ አዎ። ግንዱን እንዳለ ከከመርሽው ውስጡ እስከ ነሐሴም አይደርቅ። ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ሥሩ ድንጋይ ወይም የማይፈለግ እንጨት አንጥፈሽ፣ ንፋስ እንዲያገኘው ደርድሪው። ላዩን ብቻ ሸፍኚ። ጎኑን በላስቲክ ብትጠቀልዪው ይሻግታል። ሲደርቅ ጫፉ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ስንጥቅ ያወጣል። ሁለት ፍልጥ ስታጋጪም ድምፁ ቃ ይላል፤ እርጥቡ ዱብ ነው የሚለው።

ሳይት ላይ

ለምን ከግንባታ ሳይት የወጣ አጣና አትገዢም? ደርቋል፣ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። እነ ኮዬ ፈጬ በኩል ሞልቷል።

የገላኗ

እሱን ሞክረነዋል። ሚስማሩ መጋዝ ያበላሻል፣ ሲሚንቶ የተለጠፈበት ደግሞ አይነድም። የፎርምወርክ ጣውላ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት፤ እንዳይጣበቅ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ጭሱ ጥቁር ነው፣ እንጀራው ላይ ሽታ ይተዋል። ለውሃ ማፍሊያ ይሁን። ለእንጀራ አይሆንም።

ሳይት ላይ

ጣውላ አላልኩም፣ አጣና ነው ያልኩት። ሚስማሩ ተነቅሎ የሚሸጥ አለ።

የገላኗ

የተነቀለ ካገኘህ እኔም እገዛለሁ። ሳይቱን ንገረኝ።

አወያይ

ስልክ ቁጥር እዚህ አትለጥፉ። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ።

ታሪክ ነክ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ይሄ የእኛ የማገዶ ጭንቀት አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ ዛፍ አልቆ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀረው አንዱ ምክንያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ደላላ ሲሳለቅባችሁ ይሄን አስታውሱት፤ ንጉሡንም ያስጨነቀ ዕቃ ነው የሚሸጠው።

ሰበታ ዳቦ

😂 ደላላ ይሄን ከሰማ ዋጋ ይጨምራል እንዳትነግሩት።

ዝም ብዬ አነባለሁ

ስለ መግዛት ብቻ ነው ያወራችሁት። ምጣዷ፣ ምድጃሽ ምን ዓይነት ነው? ሦስት ጉልቻ ላይ ከሆነ የምትጋግሪው ግማሹ እሳት ነፋስ ነው የሚበላው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ ያ በሲሚንቶ የሚሠራው ዙሪያውን የሚዘጋ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከማንኛውም ደላላ ተከራክረሽ ግማሽ ዋጋ አታስቀንሺም።

ምጣዷ (ቱሉ ዲምቱ)

ሁለቱ ምጣዶች ምርጥ ምድጃ ላይ ናቸው፣ አንዱ ገና ጉልቻ ላይ ነው። ልክ ነህ፣ እሱን አስቀድማለሁ።

ለሁላችሁም ልንገራችሁ፤ የሱሉልታውን ደላላ ደውዬ "በሜትር ኪዩብ ነው የምከፍለው፣ ስፖንዳ ተወርዶ ተለክቶ" አልኩት። "እንደዚህ የሚገዛ ሰው የለም" ብሎ ዘጋው። ከሰዓት መልሶ ደወለ። ዋጋውን በሜትር ነገረኝ፣ ግን ከበፊቱ ጋር ሳሰላው ጨምሯል። ማለትም መጀመሪያ ሊያመጣልኝ ያሰበው እንጨት ስንት እንደነበር አሁን ገባኝ። የሰንዳፋውን አፈላልጌ አገኘሁ። ሲኖ ነው፣ በሜትር ተስማምቷል፣ ይለፍ አለው፣ ጠዋት ከነጋ በኋላ ነው የሚያደርሰው። ችግሩ ለእኔ ግቢ ይበዛል።

የገላኗ

ግማሹን እኔ ልውሰድልሽ? ከአንቺ ሩቅ አይደለሁም።

ምጣዷ (ቱሉ ዲምቱ)

እሱማ ደስ ይለኛል። ግን ገልባጭ ነው፣ ሁለት ቦታ እንዴት ይደፋል?

ሹፌሩ

ግማሹን ደፍቶ ግማሹን ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ግን በዓይን ነው የሚከፈለው፣ ትጣላላችሁ። የሚሻለው አንቺ ጋ ሙሉውን ለኩ፣ የሷን በሰው እጅ አውርዳችሁ ደርድሩና ለኩት፣ ከዚያ በትንሽ መኪና ትውሰድ። ለሹፌሩ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሁለት ቦታ ከሄደ የመኪናውን ዋጋ ይጨምራል፣ ቢጨምርም አልፈርድበትም።

የገላኗ

ይሁን። የትንሿን መኪና እኔ እከፍላለሁ፣ ማውረጃውን እኩል። ቅጠል ካለው ግን ለእኔ 😄

ምጣዷ (ቱሉ ዲምቱ)

ቅጠሉን እንኳ እንደርድርና እንለካዋለን 😂 በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።